ልብስ ሰፊዋ ቁልፍ ስትመርጥ

ልብስ ሰፊዋን በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመኗ አንድም ጨርቅ ሻጭ አታሏት አያውቅም። ነጋዴው "ንጹህ ጥጥ ነው" ብሎ ሲምልላት፣ ከጠርዙ አንዲት ክር መዝዛ በጣቶቿ መካከል ታሽና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ "ግማሹን ብትለኝ አምንህ ነበር" ብላ ትስቃለች። ነጋዴውም አብሯት ይስቅና ደህናውን ከውስጥ ያወጣላታል። እንዲህ ያለች ሴት በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳይገፋት፣ በአንድ ቀይ ሣጥን ተሸወደች ቢባል የሚያውቋት ሁሉ "ሌላ ሰው ይሆናል" ነው የሚሉት። ሌላ ሰው አልነበረም፤ ራሷ ነበረች።

ያላት አንዲት ሴት ልጅ ናት። ልጅቱ ገና በሰባት ዓመቷ የእናቷን የስፌት መኪና መርገጫ ፈታታ፣ ዘይት ቀብታ፣ መልሳ ገጥማዋለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ መርገጫው ሲጥ ሲጥ ማለቱን ተወ። እናት ግን ነገሩን እንደ መልካም ምልክት አላየችውም። መቀሱንና ሜትሩን የሚረከባት ሰው ነበር የምትመኘው፤ ልጅቱ ደግሞ መርፌ ከምትይዝ እሾህ ብትጨብጥ ትመርጣለች። አድጋ "የመኪና ጥገና ልማር ነው" ስትል እናት ሁለት ቀን ኩርፊያ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቷ "አንቺም የያዝሽው መኪና፣ እሷም የምትይዘው መኪና፤ ልዩነቱ የጎማ ብቻ ነው" ብላ አሳቀቻትና ኩርፊያው በዚያው ቀረ።

ልጅቱ ተማረች፣ ተመረቀች፣ ከቤታቸው ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ ካለ ጋራዥ ተቀጠረች። በጋራዡ ያለው ሕግ አጭር ነው፤ ሠራተኛ የእጅ ዕቃውን ራሱ ይዞ ይመጣል። ልጅቱ ይህን ስትነግራት እናት ገና ከአፏ ሳታስጨርሳት፣ "እኔ እያለሁልሽ ምን ያሳስብሻል?" አለቻት። "መቀሴን አልወረስሽም፤ ቢያንስ ያንቺን ዕቃ እኔ ልግዛልሽ።"

በማግስቱ ገበያ ወጣች። ለመጀመሪያው ባለሱቅ "ቁልፍ ፈልጌ ነበር" ስትለው፣ ገበያው ሁሉ በልብስ ሰፊነቷ ስለሚያውቃት፣ "ከዚያ ማዶ፣ ከክርና ከዚፕ መሸጫው ጎን አለልሽ" ብሎ ጠቆማት። "የሸሚዙን አይደለም፤ የብሎኑን ነው" ብትለው ቆይቶ ነው የገባው። ወደ ብረታ ብረቱ መደብሮች አሻግሮ ላካት።

እዚያ ያገኘችው ሻጭ ፀጉሩን ያበጠረ፣ ምላሱ ማር የሆነ ወጣት ነው። አንድ ቀይ ሣጥን አምጥቶ ክዳኑን ቀስ ብሎ ከፈተላት። መቶ አርባ ቁራጭ ብረት፣ እያንዳንዱ በጥቁር ስፖንጅ ላይ በተቆረጠለት ቦታ ተኝቶ፣ እንደ ጌጣጌጥ ያበራል። ዓይን አዋጅ ሆነባት። "ይሄ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው እናቴ" አላት ሻጩ። ከጨርቅ ጠርዝ ክር መምዘዝ የምታውቀው ሴት፣ ከብረት ምን እንደሚመዘዝ አታውቅምና ዝም ብላ ገዛችው። ሣጥኑን እያፈራረቀች በሁለት እጇ ተሸክማ ቤት ስትገባ ትከሻዋ ዝሎ፣ ልቧ ግን ጮቤ ይረግጥ ነበር።

ልጅቱ ሣጥኑን ከፍታ አንድ ቁልፍ አንስታ አገላበጠችና መልሳ በቦታው አስቀመጠችው። ከዚያ እናቷን አቀፈቻት፤ ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት። እናት ያንን እቅፍ ደስታ ነው ብላ ተረጎመችው።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን የጋራዡ ባለቤት ለዘጠኝ ሠራተኞች ቱታ እንድትሰፋለት ላከባት። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ደብተሯንና እርሳሷን ይዛ፣ ለልጇ ሳትነግራት ጠዋት ጋራዡ ደረሰች። ልታስደንቃት ፈልጋ ነበር።

በሩ ላይ ቆመች። ግቢው የተቃጠለ ዘይትና የአዲስ ጎማ ሽታ ይሸታል። አንዲት ነጭ መኪና በሊፍት ከፍ ብላለች፤ ከሥሯ ቀጭን ጀርባ ይታያል። ልጇ ናት። ጋራዡ ውስጥ "መርፌ" ነው የሚሏት፤ የሌላው እጅ በማይገባበት ቀዳዳ የእሷ ስለሚገባ። ልጅቱ ዞር ሳትል እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችና፣

"ዝምታው፣ አሥራ አራት ቁጥርህን አውሰኝማ" አለች።

ዝምታው የሚባለው የመካኒኮቹ አለቃ ነው። ስሙ የወጣለት ከቶ ዝም ስለማይል ነው። የዕቃ ማስቀመጫውን መሳቢያ ከፍቶ ቁልፍ አውጥቶ ሰጣት፤ "ባለፈው የወሰድሽውን አሥራ ሰባት መልሺ፣ አሥራ ሁለቴም አንቺ ጋ ነው፣ እዚህ የምሠራው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ ነሽ" እያለ።

እናት ግራ ተጋባች። ያ ሁሉ መቶ አርባ ቁራጭ የት ሄዶ ነው ልጇ የምትዋሰው? ዓይኗን ግቢው ላይ ስታንከራትት ቀዩን ሣጥን ከግድግዳው ሥር አየችው። የጋራዡ በያጅ እግሩን አነባብሮ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ክዳኑ መሀል ላይ ረግቧል፤ ሲቀመጡበት መክረማቸው ያስታውቃል።

ጆሮዋ ጋለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው እንደሚባለው፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እሷ ብቻ ሳታውቅ ነው የከረመችው። ልጅቱ ዞር ስትል ተያዩ። የልጅቱ ዓይን ወደ ሣጥኑ ሮጠ፣ ከዚያ ወደ በያጁ፤ በያጁም ብርጭቆውን ይዞ እንደ ተነደፈ ሰው ተነሳ።

"እማዬ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?" አለች ልጅቱ።

"ልለካ ነው የመጣሁት። ቱታ ታዟል" አለች እናት፣ እንደ ወትሮዋ እየሳቀች። ምንም እንዳላየች ሆነች። ልጅቱም ምንም እንዳልታየባት ሆነች። ይሉኝታ ሁለቱንም እኩል ነው የያዛቸው፤ አንዷ ከሌላዋ ነው የተማሩት።

ሰውን ሁሉ አንድ በአንድ ለካች። ዝምታውን መጨረሻ ላይ አስቀረችውና የመለዋወጫ ዕቃ ወደሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ይዛው ገብታ በሩን ገፋ አደረገችው።

"እጅህን ዘርጋ ወንድሜ።"

ዘረጋ። ሜትሩን በደረቱ ዙሪያ አዞረች።

"አትተንፍስ፣ እየለካሁ ነው። ያ ቀይ ሣጥን ወንበርነቱ ይመቻል?"

ዝምታው አልተነፈሰም። ራሱም ቀላ፤ መላጣ ስለሆነ እስከ ማጅራቱ ይታያል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሱ ላይ ሁለቱም ከደረሱ ቆይተዋል።

"አሁን ተንፍስ" አለችው።

ከትንፋሹ ጋር ምስጢሩ አብሮ ወጣ። "እትዬ፣ እኔ አልነገርኩዎትም። አስምላናለች። በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ የፍሬን ብሎን ልትፈታ አሥራ አራቱን ከሣጥኑ አወጣች። አንድ ጊዜ ጫን ስትለው የቁልፉ አፍ ተበረገደ። ብሎኑ ማዕዘኑ ተልጦ ክብ ሆነ፣ እጇ ተወርውሮ ብረት መታ። ያንን ብሎን ቆርጠን እስክናወጣው ግማሽ ቀን ሄደ።"

እናት የልጇን የተጠቀለለ እጅ አስታወሰች። "'በር ጨፈለቀኝ' ነበር ያለችኝ።"

"በሩ አሥራ አራት ቁጥር ነው እትዬ።"

"ታዲያ ለምን አትነግረኝም?"

"'እናቴ ከሰማች ዕድሜዋን ሙሉ ይቆጫታል' አለች። ከዚያ ወዲህ ከደመወዟ እያጠራቀመች አንድ በአንድ እየገዛች ነው። እስካሁን ሁለት ገዝታለች።"

ልብስ ሰፊዋ የወገቡን ልክ ደብተሯ ላይ ጻፈች።  ያናደዳት መታለሏ ብቻ አይደለም። በሥራ ዕቃ መታለሏ ነው። እሷ እኮ ክር የማይዝ መርፌ፣ ጨርቅ የሚያኝክ መቀስ ሰው ላይ ምን እንደሚሠራ ከማንም በላይ ታውቃለች።

"ወገብህ ጨምሯል" አለችው። "አሁን ደግሞ አስተምረኝ። ጥሩው ቁልፍ በምን ይታወቃል?"

ዝምታውን እንዲናገር መለመን ጠግቦ ያላደረ በሬ ሳር ላይ መልቀቅ ማለት ነው። ወጥቶ የራሱን አሥራ አራትና የሣጥኑን አሥራ አራት አምጥቶ ጎን ለጎን አስቀመጠላት።

"ቁልፍ እንደ ሞኝና እንደ ወረቀት መሆን አለበት እትዬ፤ የያዘውን የማይለቅ። ይሄን ብሎን ያዙና በክቡ ጫፋቸው፣ በቀለበቱ በኩል ሁለቱም ውስጥ ያስገቡት። የትኛው ይወዛወዛል?"

አስገባች። በሣጥኑ ቁልፍ ውስጥ ብሎኑ እንደ ልጅ እግር በአባት ጫማ ውስጥ ይንሸራተታል። በዝምታው ቁልፍ ውስጥ ግን እንደተሰፋለት ተቀመጠ።

"ጽሑፉስ?" አለችው። "ሁለቱም ላይ ያው የብረቱ ዓይነት ተጽፏል።"

"ጽሑፍማ በእርሳስም ይጻፋል። ብርሃኑንም አይዩት፤ ሽፋን ነው። ውስጡን ነው ማየት።"

"ልብስም የሚታወቀው ሲገለበጥ ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ለራሷ ያህል። የቁልፉን ቀለበት ወደ መስኮቱ አነሳችና በውስጡ አሻግራ አየች። የዝምታው ጥርት ብሎ ተቆርጧል። የሣጥኑ ውስጡ ሸካራ ነው፤ ጠርዙ ላይ ሽፋኑ ተልጦ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነስቷል። አሁን ገባት። ከብረትም የሚመዘዝ ክር አለ ለካ።

ስትወጣ ዝምታው ሁለት የዛጉ ብሎኖች እንደ ነከሱት የቀሩበትን አንድ አሮጌ የፍሬን ብረት ከሞከረችበት አዲስ ብሎን ጋር በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣት። "የሚሸጥልዎት ሰው በዕቃው ይፍታውና ይሽጥልዎት" አላት። "ደግሞ እኔ አልነገርኩዎትም።"

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ያንን ብረት በዘንቢል ይዛ ማር ምላሱ ሻጭ ዘንድ ሄደች። አልጮኸችበትም፤ ከመጀመሪያውም ጩኸት አታውቅም።

"እናቴ፣ እንዴት ነበር ሣጥኑ?"

"ሰው ይቀመጥበታል" አለችው። "አሁን ሌላ ልገዛ መጥቼ ነበር። ግን ይቺን ብሎን በምትሸጠው ቁልፍ አንዴ ፍታልኝ፤ ከዚያ እገዛለሁ።"

ሻጩ ሳቀ። አዲስ የሚያብረቀርቅ አሥራ አራት አወጣ፣ ብረቱን በእግሩ ረግጦ ቁልፉን አስገባና ጫን አለ። ቁልፉ ተንሸራተተ። እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ ደገመ። አላፊ አግዳሚው መቆም ጀመረ፤ ጎረቤት ባለሱቆችም ብቅ ብቅ አሉ። በሦስተኛው የቁልፉ አፍ እንደሚያዛጋ ሰው ተከፈተና ሻጩ በመቀመጫው መሬት ላይ ዱብ አለ። ብሎኑ ማዕዘን አልባ ሆኖ ቀረ።

ሰው ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም፤ እጇን ዘርግታ አነሳችው፣ ሱሪውንም አራገፈችለት። የሱሪው ስፌት ከኋላ መተርተሩንም በዚያው አየች።

"እውነቱን ልንገርዎት እናቴ" አለ ሻጩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሰው የሚወደው ብዙና የሚያበራ ነው። እኔም የሚወደውን ነው የማመጣለት። የገዛ ወንድሜ የከባድ መኪና መካኒክ ነው፤ ከእኔ አንድ ካቻቢቴ እንኳ ገዝቶ አያውቅም።"

"ከማን ነው የሚገዛው?"

"ከዚህ ጀርባ፣ ምልክት ከሌለው ሱቅ። ሽማግሌው ደንበኛ ያባርራሉ ይባላል። ብቻ ይሞክሩ።"

"ሱሪህን ሰኞ ላክልኝ፤ እሰፋልሃለሁ" አለችውና ሄደች።

ምልክት የሌለው ሱቅ በሩ ዝቅ ያለ፣ ውስጡ ግን እንደ ቤተ መጻሕፍት የተደረደረ ነበር። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንድ ቁልፍ በዘይት ጨርቅ ይወለውላሉ። ሰላምታዋን ተቀበሉና ቀና ሳይሉ፣

"ለማን ነው?" አሉ።

"ለልጄ ነው አባቴ።"

"ምን ላይ ነው የሚሠራው?"

"ሴት ናት። የቤት መኪና ላይ ነው የምትሠራው፣ ይበልጡን ፍሬን።"

አሁን ቀና አሉ። "ስንት ቁራጭ ያለው ትፈልጊያለሽ?"

ወጥመድ መሆኑ ገባት። "ቁራጭ የምቆጥረው ጨርቅ ሲተርፈኝ ነው" አለች።

ሽማግሌው ተነሱ። ከመደርደሪያው አምስት አሥራ አራት ቁጥር ቁልፎች አንስተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩና እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ምረጪ ማለታቸው ነው።

ልብስ ሰፊዋ ከዘንቢሏ ዝምታው የሰጣትን አዲስ ብሎን አወጣች። አምስቱንም ሞከረች፤ ሁለቱ ሲወዛወዙ ወደ ጎን አደረገቻቸው። የቀሩትን ወደ በሩ ብርሃን ይዛ ውስጣቸውን አየች፤ አንዱ ውስጡ ሸካራ ነው፣ እሱም ወጣ። ሁለት ቀሩ፤ አንዱ እንደ ብር የነጣ፣ አንዱ እንደ ከሰል የጠቆረ። ነጩን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ በትንሽ መቀሷ መታ አደረገችው። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ጥቁሩን ስትመታው ደግሞ ድምፁ ረዘም ብሎ ቆየ። ያም ሆኖ ነጩን አነሳች።

"እስከዚያ ድረስ ጥሩ መጥተሽ ነበር" አሉ ሽማግሌው። "ነጩም መጥፎ አይደለም። ጥቁሩ ግን ሽፋን የለውም፤ ሽፋን የሌለው የሚደብቀውም የለውም። በዘይት ጨርቅ ካልተወለወለ ይዝጋል እንጂ ከነጩ ይበልጣል። ማን አስተማረሽ ልጄ?"

ሰው 'ልጄ' ካላት ብዙ ዓመት ሆኖታል። አምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፊቷ በራ። "ልብስ ሰፊ ነኝ" አለች።

"ለዚህ ነዋ" አሉ። ሁለተኛውን ብሎን ያቀፈውን የፍሬን ብረት ተቀብለው፣ ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አጠበቁት። ጥቁሩን ቁልፍ አስገብተው ሰውነታቸውን ሳያስጨንቁ ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ብሎኑ አንዴ ቋ ብሎ መዞር ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ እንደ ድሮ ባልንጀሮች ሆኑ። ሽማግሌው መካኒክ በቀን አሥር ጊዜ የሚያነሳው ሰባት ቁልፍ ብቻ መሆኑን ነገሯት፤ ከስምንት እስከ አሥራ ዘጠኝ ባለው ውስጥ እነሱን ለይተው አወጡላት።

"አሥር ቁጥርን ሁለት ውሰጂ" አሉ። "አንዱ መጥፋቱ አይቀርም።"

"ለምን እሱ ብቻ?"

"አምሳ ዓመት አስቤበት መልሱን አላገኘሁትም።"

የብሎን ራስ በሙሉ የሚጠልቅባቸውን ቡሶላዎች ሲያሳዩዋት፣ ውስጣቸው ስድስት ማዕዘን ያላቸውንና አሥራ ሁለት ያላቸውን አነጻጸረች። "ስድስቱ ነው የሚሻለው" አለች፣ "ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ የብሎኑን ጥግ አይበላም።" ቡሶላውን የሚያዞረውን እጀታ ጆሮዋ ላይ አድርጋ አሽከረከረችው። አንደኛው ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ ሌላኛው ድምፁ ደቃቅ ሆኖ ይንቆረቆራል።

"ይሄኛው ስፌቱ ደቃቅ ነው" አለች።

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። "ጥርሱ ማለትሽ ነው። አዎ። ጠባብ ቦታ ላይ ትንሽ ዞር ስታደርጊው የሚይዝልሽ እሱ ነው።"

ፒንሳ ስትመርጥ ግን የማንም ምክር አላስፈለጋትም። መቀስ እንደምትገዛ ሁሉ ዘግታ ወደ ብርሃን ያዘችው፤ ከሁለቱ መንጋጋዎች መካከል ብርሃን የሚያሳልፈውን መልሳ አስቀመጠች። መገጣጠሚያውን ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጋ ላላ የሚለውንም እንዲሁ። ሦስተኛውን ወሰደች። ሁለት ካቻቢቴዎችም ጨመረች፤ ብረታቸው እጀታውን አልፎ እስከ ጫፍ የዘለቀ። ሁሉም ተሰብስቦ በአንድ ክንድ ሥር የሚያዝ ነበር፤ የቀረውን ልጅቱ እየሠራች ትሞላዋለች። ሽማግሌው ሲሸኟት "ልጅቱን አንድ ቀን አምጫት" አሉ። ደንበኛ ያባርራሉ የተባሉት ሰው በሩ ድረስ ነው የሸኟት።

ቤት ስትደርስ ሌላ ሐሳብ ያዛት። እነዚህን በሣጥን መስጠት አልፈለገችም። ወፍራም ሸራ አወጣች፤ እያንዳንዱን ቁልፍ ጨርቁ ላይ አስተኝታ በጠመኔ ዙሪያውን አሰመረች፤ ለእያንዳንዱ እንደ ወርዱ ኪስ ቆረጠችለት። ኪሶቹን በድርብ ክር ሰፋች፣ ከቱታው በተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ገበር አደረገችለት፤ ሲጠቀለል የሚያስሩት ጠፍር ቀጠለችበት። ሁለት ቀን ፈጀባት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ብዙ ሙሽራ አልብሳለች፤ ለቁልፍ ግን እንዲህ ተጨንቃ ልብስ ስትሰፋ የመጀመሪያዋ ነው።

ቱታዎቹ ሲያልቁ ጥቅሉን ከሥር አድርጋ ጋራዡ ወሰደች። ሁሉም የየራሱን ወሰደ፤ ዝምታው የእሱን ለብሶ ወገቡ ሲመቸው "እትዬ እጅዎ ይባረክ" እያለ ግቢውን ዞረ። ልጅቱ የራሷን ቱታ ስታነሳ ከሥሩ ጥቅሉን አገኘች። ጠፍሩን ፈታች፤ ሸራው ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ።

ጥቁሩን አሥራ አራት ከኪሱ አወጣች፤ በውስጡ ወደ ብርሃን አሻግራ አየች። ከዚያ እናቷን አየቻት።

"ማን ነገረሽ?"

ዝምታው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ጫማው ክር የለውም።

"ሣጥኑ ራሱ ነገረኝ" አለች እናት። "አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም? እጅሽ ተሰብሮ ቢሆንስ?"

"ያን ሁሉ መንገድ ተሸክመሽው መጥተሽ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ እማዬ?"

"'ዕቃው አይረባም' ብለሽ። እኔ እኮ ሥራ የማውቅ ሰው ነኝ። ከእንግዲህ አንድም ነገር እንዳትደብቂኝ።"

ልጅቱ ትንሽ አሰበች። "እንግዲያው ለምረቃዬ የሰፋሽልኝ ቀሚስ ብብቱ ይይዘኝ ነበር።"

እናት ከሁሉም ይህ ነው ያስደነገጣት። "ብብቱ? ያን ሁሉ ሰዓት ለብሰሽው? ምነው በነገርሽኝ፣ አንዲት ጣት እለቅልሽ ነበር።" ከዚያ የእሷም ኅሊና ወቀሳት። "አንቺ ስፌት መኪናዬ ላይ የሠራሽልኝ መብራት ደግሞ ይነዝራል።"

"ይነዝራል? ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሠራሽው ቀን ጀምሮ። በእንጨት ማንኪያ ነው የማበራው።"

ልጅቱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ እናትም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ጋራዡ ሁሉ ሥራውን አቁሞ አብሮ ሳቀ። በያጁ ብቻ ሥጋት ገባውና "ሣጥኑ ግን አይወሰድም አይደል?" ብሎ ጠየቀ። እንደማይወሰድ ተነግሮት ተረጋጋ።

እናት ለመሄድ ሜትሯን ስትሰበስብ ልጇ ክንዷን ያዘቻት። "ነይ እስቲ" አለቻት። ወደ ሊፍቱ ወሰደቻት። ጎማው የወለቀ መኪና ደረት ድረስ ከፍ ብሎ ቆሟል። ልጅቱ ጥቁሩን ቁልፍ ሰጠቻትና የፍሬኑን ብሎን አሳየቻት።

"እኔ? እኔ ምን አውቄ?"

"አስገቢው። እስከ መጨረሻው ይቀመጥ። አሁን ወደ ራስሽ ሳቢው፣ አትግፊው፤ ቢያመልጥ እጅሽ ብረት እንዳይመታ።"

ልብስ ሰፊዋ እጅጌዋን ሰበሰበች። ሳበች። ብሎኑ እንደ ግንብ ቆመ። እግሯን አራርቃ፣ ትንፋሿን ይዛ ደግማ ሳበች። በድንገት ቋ አለና ለቀቀላት፤ ድምፁ በቁልፉ አልፎ እስከ ክርኗ ተሰማት። ለብዙ ዓመት አልላቀቅ ብሎ የቆየ ነገር በእጇ ሲፈታ ምን እንደሚመስል እስከዚያች ቀን አታውቅም ነበር። ልጇ ምሽት ምሽት እጇ ጠቁሮ፣ ጀርባዋ ደክሞ፣ ፊቷ ግን በርቶ የምትመጣው ለምን እንደሆነ አሁን ገባት።

ብሎኑን መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። ስድስቱም ማዕዘኑ ደህና ነው።

"ሌላ አለ?" አለች።

"ከሥሩ አንድ፣ በወዲያኛው በኩል ደግሞ ሁለት።"

የመኪናው ባለቤት መኪናውን ለማየት ብቅ ሲል፣ ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጥሩ ቀሚስ የለበሰች ሴት ከፍሬኑ ጋር ስትታገል አገኛት። ግር ብሎት ቆመ። እሷ ግን ፊቷን እንኳ አላዞረችም።

"ትንሽ ይታገሱኝ ጌታዬ" አለችው፤ "አንድ ብቻ ነው የቀረኝ።"